ኩላሊቱ ሠርቶ መድኃኒቱ ሲያስቸግር

ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ቀጠሮ የያዙ ሰዎች ስልኬን ከሰው እየተቀበሉ ይደውሉልኛል። አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ስለ ቀዶ ሕክምናው ነው። ያማል ወይ? ጠባሳው ትልቅ ነው? መቼ ነው ተነስቼ የምሄደው? እመልስላቸውና ወሬውን ወደ መድኃኒቱ አመጣዋለሁ። የቀዶ ሕክምናው ቁስል ይድናል። መድኃኒቱ ግን ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ አብሯችሁ ነው። ጣጣውም እንደዚያው።

ኩላሊቱን የሰጠኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እጥበት ላይ የነበራችሁ ከምን እንደወጣሁ ታውቃላችሁና አልተርክላችሁም። ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ ያለው የንቅለ ተከላ ማዕከል በ2008 ዓ.ም. ሥራ ባይጀምር ኖሮ እንደ ብዙ ሰው ወይ ወደ ሕንድ መሄጃ ገንዘብ ስለምን፣ ወይ እጥበቱ ላይ እንዳለሁ እቀር ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ መድኃኒቱ ሳማርር ብታዩኝ ምስጋና ቢስ አትበሉኝ። ሁለቱም አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው።

እኔ እንደ አብዛኛው ሰው የጀመርኩት በሦስት ዓይነት ነው። ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን። ታክሮሊመስ ጃፓን ውስጥ ጹኩባ በሚባል ተራራ አካባቢ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 ከአፈር ላይ ከተገኘ ባክቴሪያ የወጣ መድኃኒት ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ወንድሜን «አንተና የጃፓን አፈር ናችሁ ያቆማችሁኝ» አልኩት።

የሦስቱም ሥራ አንድ ነው። ሰውነት የወንድም ኩላሊት ነው ብሎ አያዝንም። ባዕድ ነገር ገባብኝ ብሎ ያጠቃዋል። መድኃኒቶቹ ይህን ጥቃት ያበርዳሉ። ችግሩ የሚያበርዱት ኩላሊቱ ላይ ያለውን ብቻ አለመሆኑ ነው። ተቅማጡን፣ ጉንፋኑን፣ ቲቢውን የሚመክተውም አብሮ ይዳከማል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱን የጎንዮሽ ጉዳት ይዞ ይመጣል።

ከፊቴ ልጀምር፣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ስለሆነ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፕሬድኒሶሎን መጠን ከፍ ያለ ነው። ጉንጬ አበጠ፣ ፊቴ ክብ ሆነ፣ ማጅራቴ ላይ ሥጋ ተከመረ፣ ሆዴ ወጣ። እግሬ ግን እንደ ድሮው ቀጭን ነው። እጥበት ላይ እያለሁ ከስቼና ጠቁሬ ያዩኝ ዘመዶች ደግሞ በደስታ ሊሞቱ! «እሰይ፣ ተስማምቶሻል!» «ሰው መሰልሽ እኮ!» እኛ አገር የሞላ ጉንጭ የጤና ምልክት ነው፤ ማን ምን ይላቸዋል? አክስቴ እልል ብላ ጉንጬን ስትስም እኔ ሱሪዬ አልቆለፍ ብሎኝ በመርፌ ቁልፍ አስይዤው ነበር።

ክብ ፊት ይመለሳል። ይህን ደጋግሜ የምናገረው በተለይ ወጣት ሴቶችና ጎረምሶች በዚህ ምክንያት ክኒኑን እየደበቁ ሲያቆሙ ስለማውቅ ነው። ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ሲቀንስ፣ ፊትም በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይጎድላል። በራስ ጊዜ በአንዴ ማቆም ግን ሌላ አደጋ አለው። ፕሬድኒሶሎን ለወራት ስንወስድ ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተውን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ይተዋል። በድንገት ሲቋረጥ ሰውየው በሆርሞኑ እጦት ይዝላል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ራሱን ሊስትም ይችላል። ይህ ሁሉ እንግዲህ ኩላሊቱ ላይ የሚመጣውን ሳንጨምር ነው።

እንቅልፍና ምግብስ? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ቆሜ ቀዝቃዛ ሽሮ በእንጀራ ስበላ ባለቤቴ መጥቶ መብራት አበራብኝ። እኔ ያላፈርኩትን እሱ አፈረ። በልቼ ስጨርስ ደግሞ እንቅልፍ የለም። የቁም ሳጥኑን ልብስ ሁሉ አውጥቼ እንደገና አጣጠፍኩት። በማግስቱ ምንም ሳይነኩኝ አለቀስኩ። ይህንን ለዶክተሩ ስነግረው አልገረመውም። ፕሬድኒሶሎኑን ጠዋት ቁርስ እንደበላሁ እንድወስደው አስደረገኝና እንቅልፌ ተሻሻለ። ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው። ጠባይሽ ተቀየረ፣ ኩላሊት ስታገኚ ጠገብሽ እየተባለ የተጣሉ ባልና ሚስት አውቃለሁ።

እጅ መንቀጥቀጥ የታክሮሊመስ ነው። ቡና ስቀዳ ጀበናው ሲኒውን ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ይመታዋል። ጎረቤታችን እማማ «ምነው ልጄ፣ በረደሽ እንዴ?» ብለው ጀበናውን ከእጄ ወሰዱት። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት፣ ስልክ ላይ መጻፍ፣ ባንክ ቤት ሄዶ አንድ ዓይነት ፊርማ መፈረም ፈተና ነው። መድኃኒቱ በተወሰደ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይብሳል፣ ከዚያ ይበርዳል። ትንሽ መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ላይ አለ፤ መጠኑ ሲስተካከልም ይቀንሳል። በድንገት ከባሰ ግን፣ በተለይ ከባድ ራስ ምታት ከተጨመረበት፣ ደም ውስጥ ያለው የታክሮሊመስ መጠን ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ አትጠብቁ።

የመጠኑ ነገር ብዙ ሰው የሚደናገርበት ቦታ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ታክሮሊመስ በጣም ጠባብ መንገድ ላይ የሚሄድ መድኃኒት ነው። ካነሰ ሰውነት ኩላሊቱን ያጠቃል፣ ሐኪሞቹ ሪጀክሽን የሚሉት ይመጣል። ከበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ያንኑ ኩላሊት ይጎዳል። የሚያስቀው ነገር በሁለቱም መንገድ ክሬአቲኒን፣ ማለትም የኩላሊቱ አሠራር በደም ምርመራ የሚታይበት ቁጥር፣ ከፍ ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፣ መፍትሔው ግን ተቃራኒ ነው፤ አንዱ መጨመር፣ አንዱ መቀነስ። ቤት ተቀምጦ «በዝቶብኝ ነው መሰለኝ፣ አንዱን ልተው» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው። ሐኪሙም የታክሮሊመሱን መጠን በደም ምርመራ ሳያይ፣ አንዳንዴም ከኩላሊቱ በመርፌ ናሙና ሳይወሰድ አይፈርድም።

ምርመራው ደግሞ ሰዓት ይፈልጋል። ደሙ የሚቀዳው የጠዋቱ ክኒን ከመዋጡ በፊት፣ የማታው ከተወሰደ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆነው ነው። እኔ ክኒኑን በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እሄዳለሁ። ደሜ እንደተቀዳ እዚያው ኮሪደር ላይ ውሃ ጠጥቼ እውጠዋለሁ። ቤቱ ውጦ የሚመጣ ሰው አለ። ውጤቱ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ሐኪሙ በዝቷል ብሎ ይቀንስለታል፣ ከዚያ በእውነት ያንሰዋል። ነርሷ «ወስደሻል?» ብላ ካልጠየቀቻችሁ እናንተ ንገሯት።

ይህንን መጠን የሚያዛቡት ብዙ ናቸው። ግሬፕፍሩት ከፍ ያደርገዋል፤ ጁስ ቤት ውስጥ ድብልቅ ስታዙ ምን እንደገባበት ጠይቁ። መድኃኒቶች ግን ከፍራፍሬው ይብሳሉ። እኔን አንዴ ጨጓራዬን አቃጠለኝና ሰፈር ውስጥ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብኝ፣ እንደተለመደው ሦስት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ላይ ታዘዘልኝ። ንቅለ ተከላ እንዳደረግኩ ተናግሬያለሁ። የጻፈልኝ ባለሙያ «ችግር የለውም» አለ። ከሦስቱ አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነበር። ሳልውጠው ወደምከታተልበት ክፍል ደወልኩ፣ «እንዳትነኪው!» አሉኝ። ክላሪትሮማይሲን ደም ውስጥ ያለውን ታክሮሊመስ በጣም ከፍ ያደርገዋል። ሌላ ተቀየረልኝ። ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞልም እንዲሁ ከፍ ያደርገዋል። የቲቢው ሪፋምፒሲንና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የሆኑት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ደግሞ በተቃራኒው ያወርዱታል።

ሌላው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው። ወገቤን አለ፣ ጥርሴን አለ፣ ፋርማሲ ገብቶ መግዛት ለምዶብናል። ለእኛ ኩላሊት ግን አይሆኑም። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃል። ፌጦና ጥቁር አዝሙድ እየበጠበጡ መጠጣትም፣ «ተፈጥሮ ነው» የተባለ ዱቄት ሁሉም ትቻለሁ። ምግብ ውስጥ ስለሚገባው ቅመም እያወራሁ አይደለም፣ ወጡን ብሉ። ለመድኃኒትነት ተብሎ በብርጭቆ የሚጠጣውን ነው የምለው።

ስኳር። ፕሬድኒሶሎንና ታክሮሊመስ ሁለቱም ስኳር ያመጣሉ፤ ስኳር ኖሮበት የማያውቅ ሰው ላይ ሳይቀር። እኔ ላይ የተገኘው በቀጠሮ ምርመራ ነው። ምልክቱን ማወቅ እኛ ላይ ይከብዳል። ውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት ይባላል፤ እኛ ደግሞ አዲሱ ኩላሊት ደህና እንዲሠራ ውሃ በደንብ ጠጡ የተባልን ሰዎች ነን። ዓመት ሙሉ ጠብታ ሽንት ሳይኖረው ቆይቶ ቶሎ ቶሎ መሽናት የጀመረ ሰው ደስ ይለዋል እንጂ ይጠረጥራል? አንድ ነገር ልጨምር። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ለሚወስድ ሰው ስኳሩ ይበልጥ የሚወጣው ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ተለክቶ ደህና ነው የተባለ፣ አመሻሽ ላይ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ቤታችሁ መለኪያ ካለ ከሰዓትም ለኩ። የእኔ የፕሬድኒሶሎኑ መጠን ሲወርድ አብሮ ወረደ፤ አሁን በምግብና በክኒን ይዤዋለሁ። ኢንሱሊን ላይ የቀሩም አሉ።

ፖታሲየምም አንድ ሰሞን አስቸግሮኛል። እጥበት ላይ እያለን ፖታሲየም አለባቸው ተብሎ ሙዝና አቮካዶ የተከለከልን ሰዎች አዲስ ኩላሊት ስናገኝ ቅርጫቱን እንገለብጣለን። ታክሮሊመስ ግን ፖታሲየም ደም ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል፤ ለሳንባ ኢንፌክሽን መከላከያ የሚሰጠን ኮትሪሞክሳዞልም ይጨምርበታል። እኔ እስኪወርድልኝ ድረስ ሙዙን ለልጆች ሰጠሁ። ማግኒዥየም ደግሞ በተቃራኒው ይወርዳል፤ ሌሊት ባት የሚጨብጣችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ተናገሩ።

ሆድ የሚያውከው ማይኮፌኖሌት ነው። ሆዴ ይጮህ፣ ይነፋኝ፣ ታክሲ ውስጥ እያለሁ ያጣድፈኝ ነበር። ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማስበው መንገዱ ላይ ሽንት ቤት የት አለ ነበር። ይህን ለሐኪም መናገር ያሳፍራል፤ ግን ተናገሩ፣ ምክንያቱም ብዙ የሚደረግ ነገር አለ። የቀኑ መጠን ለሦስት ለአራት ተከፋፍሎ ይሰጣል፣ ወይም ጨጓራ አልፎ አንጀት ውስጥ በሚሟሟው ዓይነት ይቀየራል። እኔን የመጀመሪያው ረድቶኛል። ደግሞ ተቅማጥ ሁሉ የመድኃኒት አይደለም፤ ሰገራ ይታይ። ረዘም ያለ ተቅማጥ ሲኖር የታክሮሊመስ መጠን ደም ውስጥ ይጨምራል። ይቀንሳል ብሎ ነው ሰው የሚያስበው፣ እኔም ሲነግሩኝ ገርሞኛል። ለጨጓራ የሚጠጣውን ነጭ ሽሮፕ ከማይኮፌኖሌት ጋር በአንድ ጊዜ አትውሰዱ፤ እንዳይሠራ ያደርገዋል።

ፀጉሬም ሳስቷል፣ በተለይ ፊት ለፊት። ጥብቅ ሹሩባ ትቼ ለቀቅ አድርጌ ነው የምሠራው። በታክሮሊመስ ፋንታ ሳይክሎስፖሪን የሚባለውን የሚወስዱት ደግሞ የተገላቢጦሽ ፊታቸው ላይ ሳይቀር ፀጉር ይበቅላል፣ ድዳቸውም ያብጣል። ለዚህ ሲባል መድኃኒት የሚቀየርበት ጊዜ አለ፤ ግን በሐኪም ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ ትኩሳት። ይህንን ቤተሰብም ይስማው። እኛ ቤት ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ ምች ነው ይባልና ዳማከሴ ተጨምቆ ይቀባል፣ ብርድ ልብስ ይደረባል፣ ነገ ይነጋል ይባላል። ንቅለ ተከላ ላደረገ ሰው ነገ ሩቅ ነው። 38 ዲግሪ ከደረሰ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሐኪም ቤት። መድኃኒቱ ትኩሳቱን ራሱ ስለሚያዳፍነው ዝቅ ያለ ትኩሳት ከተደጋጋመም አትናቁት። ሳል ከቆየ፣ ማታ ማታ የሚያልባችሁ ከሆነ፣ ቲቢ እንዲታይ ጠይቁ፤ አገራችን ቲቢ ያለበት አገር ነው፣ መከላከያ ተብሎ አይሶናያዚድ የሚሰጠንም ለዚህ ነው። ጥሬ ሥጋ ቀርቷል። ክትፎም ለብ ለብ የለም፣ በደንብ የበሰለ ብቻ። ያልፈላ ወተት፣ ከእሱ የተሠራ እርጎና አይብም እንዲሁ። ሠርግ ቤት ቁርጥ ሲዞር «አንዴ ምን ያደርግሻል» የሚል ሰው አይጠፋም። እየሳቅኩ ወደ ሽሮው።

ጾምና ጸበልም ይጠይቁኛል። የንስሐ አባቴን አማክሬ መድኃኒቴን በሰዓቱ እየወሰድኩ ከሥጋና ከወተት ብቻ እጾማለሁ። ረመዳን የሚጾሙ ጓደኞቼም በ12 ሰዓት ልዩነት የሚወሰደው መድኃኒት ከስሁርና ከኢፍጣር ጋር ይስማማ እንደሆነ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይጀምሩም። ጸበል ሄዶ መጠመቅ ሌላ፣ መድኃኒት ማቋረጥ ሌላ ነው። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ብላ አስተምራለች። ያልተጣራ የምንጭ ውሃ በብዛት መጠጣቱን ግን እኔ አላደርገውም።

መድኃኒት ሲጠፋ የሚመጣውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፋርማሲ ለፋርማሲ እንዞራለን፣ ከዱባይ ወይ ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ እናስቸግራለን። ሲመጣ ሳጥኑን በደንብ አንብቡ። በቀን ሁለቴ የሚወሰድ ታክሮሊመስ አለ፣ በቀን አንዴ የሚወሰድም አለ፤ ፕሮግራፍና አድቫግራፍ ስማቸው ቢመሳሰልም አንዱ በአንዱ ምትክ አይገባም። የሌላ ፋብሪካ ሲሆንም፣ ሚሊግራሙ አንድ ቢሆን እንኳ፣ ሐኪሙ ይወቅና የደም መጠኑ እንደገና ይለካ። እኔ የድሮውን ባዶ ማሸጊያ ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ለሚገዛልኝ ሰው የምልከው እሱን ነው። ካርቶኑን በደረሰኝ ሰዓት ያለመክፈት ልማድም አለኝ፣ መጀመሪያ ለፋርማሲስቷ አሳያታለሁ።

በመጨረሻ ሴቶች ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጠይቁኝ፣ መውለድ ይቻላል ወይ ነው። ይቻላል፣ ብዙዎች ወልደዋል። ግን ታቅዶ ነው። ማይኮፌኖሌት ጽንስ ያስወርዳል፣ የሕፃኑን ጆሮና ከንፈር ጨምሮ አካል ያበላሻል። ስለዚህ እሱን እየወሰዱ ያለ አስተማማኝ መከላከያ መቀመጥ አይቻልም። ኩላሊት ሲሠራ የወር አበባም ይመለሳል፣ እጥበት ላይ ለዓመታት የቀረባቸው ሴቶች ይህን አይጠብቁትምና ሳያስቡት ያረግዛሉ። የሚመከረው ከንቅለ ተከላው በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት፣ ኩላሊቱ መረጋጋቱን ማየት፣ ከዚያ ማይኮፌኖሌቱን አዛታዮፕሪን በሚባል ሌላ መድኃኒት ቀይሮ ለእርግዝና ከመሞከር በፊት ቢያንስ 6 ሳምንት መጠበቅ ነው። ታክሮሊመስና ፕሬድኒሶሎን ይቀጥላሉ።

እኔ አሁን ያለሁት እዚህ ላይ ነው። አዛታዮፕሪን ጀምሬያለሁ፣ ነጭ የደም ሴል ስለሚያወርድ ቶሎ ቶሎ ለምርመራ ደም እሰጣለሁ። ሆዴ ከማይኮፌኖሌቱ ጊዜ በጣም ይሻላል። ሪህ ያለባችሁ ግን ወደዚህ መድኃኒት ከመቀየራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ አሎፑሪኖል የሚባለው የሪህ ክኒን ከአዛታዮፕሪን ጋር ሲገናኝ ነጭ የደም ሴልን አደገኛ ደረጃ ድረስ ያወርዳል።